ሁለተኛው በሬ

ዘይኑልአቢዲን ያረደው በሬ አይፈራገጥም ይባል ነበር። እጁ ቀላል ነው፤ ቢላዋውም ፀጉር ይላጫል። የገራዶ ገበሬ ነበር፤ ጣሊያን ደሴ በገባ በዓመቱ ጥማድ በሬዎቹን ወታደር ነድቶ ሲወስድበት ማረሻውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ሚስቱን ሳፊያንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። እዚያ ጣሊያኖች ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ያስቆፍሩ ነበር። ለእጅ የሚፈልጉት ሰው ብዙ ነው፤ ለቢላዋ የሚፈልጉት ግን ሁለት ብቻ። ከሁለቱ አንዱ ዘይኑ ሆነ።

ሁለተኛው እንየው ነው። እንየው የዘይኑ የአክስት ልጅ ነው፤ እናቱ የዘይኑ አባት እኅት ናት። በልጅነቷ አንድ ክርስቲያን ወደደች፤ ማተብ አሰረችና አገባችው። ወንድሞቿ አንድ ዓመት ኮርፈው ቆዩ፤ እንየው ሲወለድ ግን ገንፎ ሊበሉ ሄዱ። በገራዶ እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አልነበረም። ሁለቱ ልጆች አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው እርሻ ተምረው አደጉ። ኮምቦልቻም የወረዱት አብረው ነው።

ካምፑ አራት መቶ ያህል ሠራተኛ ነበረው፤ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን። ሐሙስና እሑድ ሥጋ ይሰጣል፤ ስለዚህ በነዚያ ቀናት ሁለት ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ወሎ ውስጥ ሰው ይጋባል፣ በደቦ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። ቂም ኖሮት አይደለም፤ ከአባት ከአያት የተገኘ ነው። ዘይኑ ካምፑን ለሁለት ከሚከፍለው ፈፋ ወዲህ፣ እንየው ከፈፋው ወዲያ ያርዳሉ። ቢላዋቸውን የሚስሉት ግን በአንድ ድንጋይ ላይ ነው። በሬ ለመጣልም ይረዳዳሉ፤ እንየው መጥቶ ቀንዱን ይይዝለታል፤ ዘይኑ ቢላዋውን ሲያነሣ ለሌላ ሰው ለቆለት ፊቱን ወደ ቦርከና ወንዝ ያዞራል። ዘይኑም ለእሱ እንደዚያው ያደርጋል። አንድ ቀን ዘይኑ «ለምን ትዞራለህ? ብታየው ምን አለበት?» ቢለው፣ እንየው «ከጌታህ ጋር ስትነጋገር መሀል እንዳልገባ ብዬ ነው» አለው።

የካምፑ አለቃ ቀይ ጺም ያለው ጣሊያን ነው። አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥላት ነገር የተነሣ ሠራተኛው «ፊሽካ» ይለዋል። ፊሽካ አማርኛ አያውቅም፤ በእሱና በአራት መቶው ሰው መካከል ያለው ምላስ የወርቅአፈራሁ ነው። ወርቅአፈራሁ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣ የደሴ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፍ ለብሶ ፒያሳ ላይ ይታያል። ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ከማንም ጋር ተቀምጦም አይበላም።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት የካቲት መጨረሻ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ክርስቲያኖቹ ሥጋ ስለማይበሉ ሁለተኛው በሬ አይምጣ ተባለ። እንየውም እስከ ፋሲካ ድንጋይ ፍለጣ ላይ ተመደበ። ማንም አላጉረመረመም፤ ደግሞስ በጾም በሬ ምን ይሠራል? ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፊሽካ በነዚያ ሳምንታት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ካምፑ በአንድ በሬ ይኖራል፤ መንገዱም እንደ ወትሮው ይቆፈራል።

በሆሳዕና ማግሥት ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ተሰበሰበ። ፊሽካ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረና ዝም አለ። የወርቅአፈራሁ ትርጉም ግን ረዘም ያለ ነበር።

«ከእንግዲህ የሚታረደው አንድ በሬ ነው። አራጁ ዘይኑልአቢዲን ነው። መንግሥት የእስላም ወዳጅ መሆኑን ታውቃላችሁ። ክርስቲያን የሆነ ከፈለገ ይብላ፣ ካልፈለገ ይተወው።»

ከዚያ ውስጥ የትኛው የፊሽካ፣ የትኛው የወርቅአፈራሁ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሳፊያ በእርጅናዋ ይህን ታሪክ ስትነግረኝ፣ የባሏን ጥፋት አንድም ቦታ ላይ ልትሸፍንለት አልሞከረችም። «ያን ቀን ደስ ብሎት ነው ቤት የገባው» አለችኝ። ምክንያት ነበረው። በአያቱ ዘመን እስላሙ ሁሉ ክርስትና ይነሣ ተብሎ አዋጅ ወጥቶ ነበር። አያቱ ቀን ማተብ አስረው፣ ሲመሽ ጎተራ ሥር ተደብቀው እየሰገዱ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሲነጋ ጎረቤት ግንባራቸው ላይ አፈር አይቶ እንዳይጠቁምባቸው ልጆቻቸው ይጠርጉላቸው ነበር። ዘይኑ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። እናም አንድ ጠዋት፣ በአራት መቶ ሰው ፊት፣ ስሙ ተጠርቶ «መንግሥት ወዳጅህ ነው» ተባለ። ወዳጅነቱ ከማን እንደመጣ ያውቃል፤ የገዛ በሬዎቹን የነዱት እነሱ ናቸው። ቢሆንም ደስ አለው። ደስ ማለቱንም ከእንየው ደበቀ።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት፣ እንየው መጣ። እጁ በድንጋይ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልሎታል።

«ዘይኑ፣ አንድ ነገር ለምንልኝ።»

«ምን?»

«ነገ ፋሲካ ነው። ሁለት መቶ ሰው ሃምሳ አምስት ቀን ጾሟል። ለነገ ብቻ አንድ በሬ ይጨምሩልን። ሌላውን ቀን እንደፈለጉ ያድርጉት።»

«እኔን ማን ይሰማኛል?»

«አንተን ይሰሙሃል። ቢላዋው ያንተ ነው ብለዋል እኮ።»

ዘይኑ ወርቅአፈራሁ ዘንድ ሄደ። ወርቅአፈራሁ ደብዳቤ እየጻፈ ቀና ሳይል ሰማው።

«አንተን ምን ቸገረህ?» አለው።

«የአክስቴ ልጅ ነው የላከኝ። እርስዎም ክርስቲያን ነዎት፤ ነገ የእርስዎም በዓል ነው።»

«እኔ ደሴ ሄጄ እፈስካለሁ። አንተ ግን ዛሬ ለእነሱ ከለመንህ ነገ ፊሽካ አንተንም ድንጋይ ላይ ይሰድሃል። ሁለት ልጆች አሉህ አይደል? ተቀመጥና ብላ፤ ዘመኑ የእናንተ ነው።»

የፊሽካ ድንኳን ከዚያ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ዘይኑ ድንኳኑን ለጥቂት ጊዜ እያየ ቆሞ፣ ከዚያ ተመለሰ። ለእንየው «እምቢ አሉ» አለው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እንየው ግን ፊቱን አይቶ አወቀ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ እሑድ ዘይኑ አንድ በሬ አረደ። ቀንድ የሚይዝለት ሌላ ሰው ነበር። ጢሱ ከአንድ ወገን ብቻ ተነሣ፤ ሽታው ግን ለሁሉም ደረሰ። ከፈፋው ማዶ ሁለት መቶ ሰው ጋሌጣ የሚሉትን የጣሊያን ደረቅ ብስኩት በሽሮ እያጠቀሰ ፈሰከ። ያን ዕለት ማንም አልተሳደበም፣ ድንጋይም የወረወረ የለም። ሳፊያን ያስፈራትም ይኸው ነው። «የሚሳደብ ሰው ይበርድለታል። እነዚያ ግን ወደኛ እያዩ ቀስ ብለው ያኝኩ ነበር» አለችኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ፈፋውን የሚሻገር ሰው ቀነሰ። ውኃ የሚቀዱት በየተራ ሆነ። ቀድሞ «አያ እገሌ» ይባባሉ የነበሩ ሰዎች «እስላሙ»፣ «ክርስቲያኑ» ማለት ጀመሩ። ፊሽካን የሚያማው አልነበረም፤ ፊሽካ እንደ ዝናብና እንደ አንበጣ ከላይ የመጣ ነው። ዓይን የሚያርፈው ጎን ለጎን ባለው ሰው ላይ ነበር።

ከክርስቲያኖቹ መካከል ሞላ የሚባል የወረኢሉ ሰው ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሌላው በሁለት የሚያነሣውን ድንጋይ ብቻውን የሚሸከም። በግንቦት አንድ ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ፣ ዘይኑ ቆዳ ወደሚዘረጋበት ቦታ መጣ።

«አያ ዘይኑ፣ ርቦኛል» አለው።

«ሽሮ አልሰጧችሁም?»

«ሰጥተውናል። ጉልበቴ ግን ከዳኝ። ትናንት ድንጋይ ይዤ ወደቅሁ፤ አለቃው በጅራፍ አነሣኝ።»

«ይህ የእስላም ሥጋ ነው። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። እግዜርም ያውቅልኛል።»

ዘይኑ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ የተረፈ ጉበት ፍም ላይ ጣል አድርጎ ሰጠው። ሞላ ቆሞ በላ፤ ሲጨርስ እጁን በአሸዋ አሸ፣ ማተቡን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ ተሳልሞ መልሶ አስገባው። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ። ከዚያ ሐሙስም ተመልሶ መጣ። ዘይኑ ለሳፊያ እንኳ አልነገራትም። ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ለሞላ ጉበት በጠበሰ ቁጥር ትንሽ ይቀልለት ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ አብረውት የሚያድሩት ሰዎች ከሞላ እጅ ላይ የሞራ ሽታ አገኙ።

ዓርብ ጠዋት ሞላ ፈፋው ውስጥ ተገኘ። ራሱ በድንጋይ ተመትቷል። ማተቡ ተበጥሶ መዳፉ ውስጥ ተደርጎ፣ ጣቶቹ በላዩ ላይ ታጥፈዋል። ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ውኃ ልትቀዳ የወረደችው መርየም ናት፤ የዘይኑ ጎረቤት የአብዱልወሀብ ሚስት። እንስራዋን እዚያው ጥላ ተመለሰች።

እስከ ቀትር ድረስ ሁለት ወሬ ተወለደ። ከፈፋው ማዶ «እስላሞች በግድ ሥጋ አበሉት፤ እምቢ ሲል ማተቡን በጥሰው ገደሉት» ተባለ። ከፈፋው ወዲህ «ክርስቲያኖቹ በሬሳው ሊያሳብቡ ነው፤ ሊፈጁን ተማምለዋል» ተባለ። ሁለቱንም ወሬ ያመነው ብዙ ነው። እውነቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ደግሞ ወሬውን ከሁሉም አብልጠው ይናገሩት ነበር።

ፊሽካ በበኩሉ ዳኛም አላስጠራ፣ ምርመራም አላደረገ። ቅዳሜ ከደሴ በመጣ ካሚዮን አሥራ ሦስት ጠመንጃ አወረደ፤ አሥራ ሁለቱን ለእስላም ሠራተኞች አደለ። አለቃቸው አብዱልወሀብ ሆነ። አብዱልወሀብ ክፉ ሰው አልነበረም። አሮጊት እናቱን በጀርባው አዝሎ ከቃሉ ገጠር ያመጣ፣ የዘይኑን ትንሿን ልጅ በወባ ጊዜ ሲያስታምም ያደረ ሰው ነው። 

«አንተም ያዝ፣ አንድ ትርፍ አለ» አለው አብዱልወሀብ።

«ማንን ልመታበት?»

«የሚመጣብንን።»

«ማንም አልመጣም፣ አብዱልወሀብ።»

«ሲመጣ ነው እንዴ የምንይዘው?»

እሑድ ዕለት ዘይኑ በሬውን አላረደም። ሰው ለምሳ ሲሰበሰብ ፈፋው አፍ ላይ፣ ሁለቱም ወገን በሚያየው ቦታ ቆመ። ድምፁ ከወትሮው አልጨመረም።

«ለሞላ ሥጋ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለምኖኝ ሰጠሁት፤ ያስገደደው ማንም የለም። ማን እንደገደለው አላየሁም። እስላም ግን አልገደለውም፤ ማተቡን መዳፉ ላይ ያደረገለት ማተብ የሚያውቅ ሰው ነው። ፋሲካ ላይ በሬ ለምንልን ብለው ልከውኝ ነበር፤ እስከ ፊሽካ ሳልደርስ ነው የተመለስሁት። እሱም የኔ ጥፋት ነው። ከእንግዲህ አላርድም።»

ቢላዋውን ወርቅአፈራሁ እግር ሥር አስቀመጠ። ወርቅአፈራሁ ለፊሽካ ምን ብሎ እንደተረጎመለት አልታወቀም። ዘይኑን ካሚዮኑ ጎማ ላይ አስረው አርባ ገረፉት። ሐሙስ ሲመጣ ሌላ አራጅ አረደ፤ ቢላዋ ያዥ አይታጣም።

ሰው እውነት ከተናገረ ነገር ይበርዳል ብሎ አስቦ ነበር። አልበረደም። ክርስቲያኖቹ «እንግዲያውስ ያሳተው እሱ ነው፤ ባፉ ተናገረ» አሉ። እስላሞቹ «ዘመዱን ፈርቶ ሸጠን» አሉ። ወደ ቤቱ የመጣው እንየው ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ ፈፋውን ተሻግሮ መጣ። ሳፊያ ውኃ አሞቀች፤ እንየው የዘይኑን ጀርባ አጥቦ ቅቤ ቀባው። 

«ሞላን የገደሉትን አውቃቸዋለሁ» አለ እንየው በመጨረሻ። «ሦስት ናቸው። ከእኛው ናቸው።»

«ለምን አትናገርም?»

«ብናገር ሦስቱን ብቻ ይሰቅላሉ? ክርስቲያን የሆነውን ሁሉ ነው የሚሰቅሉት። እነዚያ አሥራ ሁለት ጠመንጃዎች ምክንያት ነው የሚጠብቁት።»

«ሳትናገር ቀርተህስ ምን ልታደርግ?»

«እሄዳለሁ። ጫካ እገባለሁ፤ አርበኞቹ ዘንድ። ሁላችንም መሄዳችን ነው።»

ዘይኑ ጀርባው እያመመው ተገልብጦ አየው። «ሁላችንም ስትል? ሦስቱም?»

እንየው ቅቤውን ከድኖ ለሳፊያ ሰጣትና «እቴ ሳፊያ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ከክርስቲያኖቹ ሠላሳ አራት ሰው ከካምፑ ጠፋ።

ክረምቱ አለፈ። ደሴ ላይ የተኛው ጉም እስከ ሐረጎ ግማሽ ድረስ እየወረደ ይመለሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀትና ትንኝ ነው። ጠባቂዎቹ አሥራ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ ሠላሳ ሆኑ። አንድ ጊዜ በገበያ መንገድ ላይ ሁለት ክርስቲያን ገበሬዎች «ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላላችሁ» ተብለው ተገደሉ። ከገዳዮቹ መካከል አብዱልወሀብ ነበረበት የሚሉ አሉ፤ አልነበረም የሚሉም አሉ። መርየም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳፊያ ዘንድ እሳት ልትጭር መምጣት አቆመች።

በሠላሳ አንድ ጥቅምት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አርበኞቹ መጡ። መጀመሪያ ተኩሱ ከካምፑ ተሰማ፤ የፊሽካ ድንኳን ተቃጠለ፣ መጋዘኑ ተዘረፈ። ፊሽካ ራሱ ያን ሰሞን ደሴ ነበር፤ ወርቅአፈራሁም አብሮት። ከዚያ ሰዎቹ ከካምፑ ጎን ወዳለው የሠራተኞች መንደር መጡ። ሚስትና ልጅ የያዙት እስላሞች ጎጆዎች አሥራ አንድ ናቸው፤ በአንድ መስመር ጎን ለጎን የቆሙ። የዘይኑ ከመሀል ነው፤ የአብዱልወሀብ ከእሱ በስተግራ። ዘይኑ በሩን ሲከፍት አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጋቢ ተከናንቧል፤ ጠመንጃ ይዟል። እንየው ነበር።

«ግባና ዝጋ» አለው ሳይዞር።

በስተቀኝ ያለው ጎጆ ክዳን መጨስ ጀምሯል።

«እንየው፣ የአብዱልወሀብ እናት መነሣት አትችልም። መርየም ብቻዋን ናት።»

«አንድ ቤት ብቻ ነው የፈቀዱልኝ።»

«እኔ ልውጣና ላውጣት።»

«ከወጣህ አናውቅህም ይላሉ። ዘይኑ፣ ግባ ብዬሃለሁ።»

ዘይኑ ገፍቶት ወጣ። ያገደው አልነበረም። ወደ ግራ ሲሮጥ መርየምን ከጎጆዋ ስትወጣ አያት፤ እጇ ባዶ ነው። ዘወር ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ አማቷን ልታወጣ። ዘይኑ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ክዳኑ ተናደ። እሳቱ ቅንድቡን በላው። ሳፊያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከኋላ ይዛ ጎተተችው።

ፀሐይ ስትወጣ ሰዎቹ ሄደዋል። እንየውም ሄዷል። አሥር ጎጆ ነዶ፣ አንዱ ቆሟል። ከዘይኑ ክዳን ላይ አንድ ሰበዝ እንኳ አልጠቆረም። አብዱልወሀብ ከመጋዘኑ ጥበቃ ቆስሎ ሲመለስ አመዱ ውስጥ ገብቶ ሚስቱንና እናቱን አወጣ፤ የሁለቱም እጅ እንደተያያዘ ነበር። ዘይኑ ሊረዳው ቀረበ። አብዱልወሀብ ቀና ብሎ የቆመውን ቤት አየ፣ ከዚያ ዘይኑን አየ። በቀብሩ ላይ ከሰላምታ በቀር ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ሆነ። ለዘይኑ ሰላምታ የሰጠው የለም።

በሳምንቱ ቤቱን ትተው ሐረጎን ወጡ።

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት አገኙ። ዘይኑ ክፍሉን በመጋረጃ ከፍሎ ከፊት ለፊት የአሞሌ ጨውና የበርበሬ ሱቅ ከፈተ። አያርድም። ዐረፋ ሲደርስ እንኳ በጉን ባርኮ የሚያርድለት ጎረቤቱ ነው። መስጊድ ይሄዳል፣ ከሰው ጋር ይቀመጣል፤ ስለ ኮምቦልቻ ሲጠየቅ ግን «ሞቃት አገር ነው» ብሎ በርበሬውን መስፈር ይቀጥላል።

በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ጣሊያን ከጫካ ለሚገባ ሁሉ ምሕረት አውጇል ተባለ። አንድ ረቡዕ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እንየው ገባ። ከስቷል፤ ጠመንጃውን አስረክቦ መምጣቱ ነው። ሳፊያ የጾም ቀን መሆኑን አስታውሳ የምስር ወጥ አቀረበችለት። በልቶ ጨረሰ።

«ከነማን ጋር ነበርህ?» አለ ዘይኑ።

«ታውቃለህ።»

«ሞላን የገደሉት ነበሩ?»

«አንዱ ነበር። ሁለቱ ቀድመው ሞተዋል።» እንየው እጁን ታጠበ። «ዘይኑ፣ እኔ የማንንም ቤት አላሳየሁም። ያንተን ብቻ ነው ያሳየሁት፣ እንዳይነካ።»



«አንዱን እንዳይነካ ስታሳይ የቀሩትን አሥሩን አሳየህ» አለው ዘይኑ። «ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። ልጆቼ በሕይወት አሉ። ግን ሌሊት ስተኛ፣ ሳስበው፣ እንደዚያ ሆኖ ነው የማገኘው።»

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«አላውቅም። እኔም በፋሲካ ዋዜማ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ እያወቅሁ አላደረግሁትም።»

እንየው «ገራዶ እገባለሁ፤ መሬቱ ጦም አድሯል» ብሎ ተነሣ። ተቃቅፈው ተሰነባበቱ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ አብዱልወሀብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ከእሳቱ በኋላ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። የአክስትህ ልጅ ከጫካ ገብቷል አሉ። አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

ጓዳ ውስጥ ሳፊያ እጇ በሊጥ እንደተያዘ ቆመች።

«አልመጣም» አለ ዘይኑ።

«አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ማል።»

ዘይኑ በሕይወቱ በሐሰት ምሎ አያውቅም። ገራዶ ላይ በመሬት ክርክር ጊዜ ሽማግሌዎች «የዘይኑን ቃል ስጡን፣ መሐላ አያስፈልግም» የሚሉለት ሰው ነው። አብዱልወሀብም ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅ ነው ማል ያለው።

«ወላሂ አላየሁትም» አለ።

«ድገም።»

«ወላሂ።»

«ሦስተኛ።»

«ወላሂ አላየሁትም፣ አብዱልወሀብ።»

አብዱልወሀብ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «አላህ ሰምቶሃል» አለና ሄደ።

ዘይኑ ሱቁን ለሳፊያ ትቶ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ ያንኑ ዕለት ገራዶ ወረደ። እንየውን በተዋሳቸው በሬዎች ሲያርስ አገኘው።

«ተነሥና ሂድ» አለው ከሩቅ ሳይጠጋ። «አብዱልወሀብ እየጠየቀ ነው።»

«ወዴት ልሂድ?»

«አትንገረኝ። ካወቅሁ ደግሜ መማል አለብኝ።»

እንየው ማረሻውን ከትልሙ ሳያወጣ፣ በሬዎቹን ለባለቤታቸው እንዲመልስለት ለዘይኑ ጅራፉን አቀበለው። ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ ያዘ። ዳግመኛ አልተያዩም። አንዳንዱ ራያ ታይቷል ይል ነበር፤ አንዳንዱ ዋግ። ከአራት ቀን በኋላ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገራዶ ወርደው የእንየውን ቤት ፈተሹ፤ ባዶ ነበር።

ዘይኑ ወደ አንድ ሸኽ ሄዶ የማለውን ተናዘዘ። ሸኹ «ለመሐላው ማካካሻ፣ ለከፋራ፣ ሦስት ቀን ጹም፣ ተጸጽተህ ተውበት አድርግ፤ የሰው ነፍስ ነው ያተረፍህበት» አሉት። ሦስት ቀን ጾመ። በሚቀጥለው ወርም ሦስት ቀን ጾመ። ሳፊያ «ተው፣ ሸኹ በቃህ ብለዋል» ብትለው፣ «እሳቸው በቃህ ያሉኝ አንዴ የማልሁ መስሏቸው ነው» አላት።

እውነቱን ነው። አብዱልወሀብ መምጣቱን አልተወም። ጠመንጃ መያዝ ከተወ በኋላም፣ ሌላ ሚስት ካገባ በኋላም፣ በየዒዱ ማግሥት ሰኞ ገበያ ይመጣል፤ አንድ አሞሌ ጨው ይገዛል። ዘይኑ ጨውን ጠቅልሎ ሲሰጠው፣ በቀኝ እጁ ተቀብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀዋል፤

«ዘመድህ ደህና ነው?»

«ወላሂ አላየሁትም» ይላል ዘይኑ።